ጫማ የማያድርበት ደጃፍ

እሑድ

የካምፑ ሜዳ ሊከፈት ሳምንት ቀረው። ድንኳኖቹን ከመጋዘን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ዘረጋኋቸው። ባለፈው ዓመት ሳይደርቁ የተጠቀለሉት ሻግተዋል። ማን እንደጠቀለላቸው አውቃለሁ፤ ልጄ ናት። ዝም አልኳት። ዛሬ ጉልበቴን የምፈልገው ለሌላ ነገር ነበር።

የአባቷን ጫማዎች ከአልጋ ስር አወጣሁ። ከሞተ ጀምሮ እዚያው ነበሩ። የዝናቡን ቦቲ፣ የከተማውን፣ ያንን አፍንጫው ላይ በቀይ ክር ራሱ የሰፋውን ቡናማ ቦት ጫማ፣ ሁሉንም ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩና ለልጄ ሰጠኋት። «ለሚያስፈልገው ሰው ስጪው። ለማን እንደሰጠሽ ግን አትንገሪኝ» አልኳት። ተሸክማ ሄደች።

ሻምበል ቀኑን ሙሉ አልጋው ስር ገብቶ ባዶውን ወለል ሲያሸት ዋለ። የባሌ ውሻ ነው እንጂ የኔ አይደለም። ከኔ ጋር የሚኖረው ምርጫ ስላጣ ነው፤ እኔም እንደዚያው።

ማክሰኞ

የግራ እግር ነጠላ ጫማዬ ጠፋ። ደረጃው ላይ አውልቄው ነበር የገባሁት። እርጅና መጣ መሰለኝ።

ዓርብ

ልጄ ነገሩን ዛሬ አፈረጠችው። ማዶዎቹ ሊመጡ ነው።

ማዶዎች የምንላቸው ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ ያሉትን ነው። አያት ቅድመ አያቶቻችን ሲኖሩ አልነበሩም፤ ጦርነት አባሯቸው ከሌላ አገር መጥተው እዚያ ሰፈሩ። መልካቸውም ቋንቋቸውም ከኛ ይለያል። ገበያ ላይ እንገናኛለን፣ ሰላም እንባባላለን፣ ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። እዚህ ሐይቅ ዳር ግን አንድም ማዶ ድንኳን ተክሎ ሲያድር አይቼ አላውቅም። ማንም ከልክሏቸው አይደለም። አልመጡም፣ በቃ።

ልጄ የጀልባ አስተማሪ ናት። ከማኅበራቸው ጋር ተነጋግራ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰቦቹን በአውቶቡስ ልታመጣና ልታሳድር፣ ልጆቹን ዋናና ቀዘፋ ልታስተምር ነው። ወቅቱ ሲያልቅ ሐይቁን ራሳቸው ቀዝፈው እንዲሻገሩ ቃል ገብታላቸዋለች። የሜዳው ባለቤትም ተስማምቷል። እሱ የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ ሁሉን ነገር በስልክ ነው የሚጨርሰው። ሜዳውን ከባሌ ጋር ይህን ያህል ዘመን የጠበቅኩት እኔ ግን የሰማሁት ከሁሉ መጨረሻ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይሄንን ፊትሽን ላለማየት።»

«የምን ፊት?»

«ይሄንን ነዋ፣ እማዬ።»

ቀጥላ የቢሮውን ግድግዳ አሳየችኝ። የካምፕ እንግዶች ፎቶዎች ናቸው፤ እሳት ዙሪያ፣ ጀልባ ላይ፣ ድንኳን በር ላይ። «እስኪ አንድ ማዶ ፈልጊልኝ» አለች። ያነሳቸው አባቷ ነው። እሱ ሰው መርጦ አያነሳም ነበር፤ የመጣውን ነው ያነሳው። ይህንኑ ነገርኳት።

«እኔስ ምን አልኩሽ?» አለችኝ። ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም።

ቅዳሜ

መጡ። አውቶቡስ ሙሉ። ቦታ የሰጠኋቸው ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ጥላ ስላለው። ልጄ አየችኝ። ጥላ እኮ አለው።

እውነቱን ለመናገር ትሑቶች ናቸው። ድንኳን መትከል ግን አያውቁም፤ ካስማውን ቀጥ አድርገው ይመቱታል፣ ነፋስ ሲመጣ ይነቀላል። ወደ ውጭ አዘንብለው እንዲመቱ ላሳያቸው ሄድኩ። አንዲት ሰማያዊ ሻርፕ የለበሱ አሮጊት መዶሻውን ከእጄ ተቀበሉና አንዱን ካስማ አዘንብለው መሬት ውስጥ ቀበሩት። አውታሩንም ወጥረው ሲያስሩ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ሌሎቹ አያውቁም፣ እሳቸው ያውቃሉ። የት ተማሩት? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል የኛ ሰው።

መምህር አመሻሹ ላይ ቢሮ መጣ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ትልቁ ዛፍ ስር ያለውን ቦታ ከባሌ ጊዜ ጀምሮ ለሌላ ሰው ሰጥተን አናውቅም።

«እትዬ፣ ዘንድሮ እንግዳ በዛብሽ» አለኝ።

«የልጄ እንግዶች ናቸው» አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም።

እሑድ ጠዋት

የመምህር ሚስት አንድ እግር ስኒከር ጠፋ። ከድንኳናቸው ደጃፍ። በዚህ ሜዳ ጫማ ጠፍቶ አያውቅም።

ረቡዕ

ሰው አንድ እግር ጫማ ምን ያደርግለታል? መጀመሪያ ሳቅኩ። መምህር ግን አልሳቀም። «የሚሰርቅ ሁለቱንም ነው የሚወስደው። ይሄ ንቀት ነው» አለኝ። እኔ እንኳ እንደዚያ አላልኩም። ዝም ነው ያልኩት።

ሻምበል ምግቡን ትቷል። ቀን ቀን ከቤቱ ስር አይወጣም። ቤታችን ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ቋሚ ላይ የቆመ ስለሆነ ከስሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ሙቀቱን ሸሽቶ ይሆናል። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል። ይሄ ግን ሌባ በሜዳው ሲዘዋወር አንድም ቀን አልጮኸም። የሚያውቀው ሰው ነው ማለት ነው? ወይስ ምግብ የሚሰጡት አሉ?

ቅዳሜ

ዛሬ ማታ ሜዳውን ስዞር አንድ ነገር አስተዋልኩ። የሁሉም ድንኳን ደጃፍ ላይ ጫማ አለ። የማዶዎቹ ደጃፍ ላይ የለም። አንድም።

ሰሌዳው ላይ በገዛ እጄ ጽፌያለሁ፤ ጫማ ከድንኳን ውጭ። ድንኳኖቹ የሜዳው ናቸው። ጭቃውን የማጥበው እኔ፣ ወለሉ ሲቀደድ የምጥፈው እኔ። ስለዚህ ሄጄ ሻርፕ ለባሿን አሮጊት ጠየቅኳቸው። ሌሎቹ ሁሉ ከሳቸው አፍ ነው የሚጠብቁት።

«እማማ፣ ሰሌዳውን አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ ልጄ።»

«ታዲያ ጫማው ለምን ውስጥ ያድራል?»

የተቀመጡበትን ሳይለቁ ጫማቸውን ከትራሳቸው አጠገብ አወጡና አሳዩኝ። በፌስታል ጠቅልለውታል፤ ድንኳኔን እንዳያቆሽሽ መሆኑ ነው።

«እኛ ሜዳ ላይ ስንተኛ ይሄ የመጀመሪያችን አይደለም» አሉኝ። «ልጅ ሆኜ ከአገራችን ስንወጣ በድንኳን ነው ያደግኩት። አንድ ሌሊት መጡብን። ጫማውን ደጅ ያሳደረ ሁሉ በባዶ እግሩ ነው የሮጠው። እናቴ ባዶ እግሯን ነበረች። ከዚያ ወዲህ በኛ ቤት ጫማ ደጅ አያድርም። ልጆቹ ምክንያቱን አያውቁትም፤ እንዲሁ ልማድ ይመስላቸዋል።»

ምን ልበል? አንጀት ይበላል። ግን አንጀት የሚበላ ወሬ የሚያወራ ሁሉ እውነቱን ነው ማለት አይደለም። እኔ የጠየቅኳቸው ስለ ድንኳኑ ወለል ነው።

እሑድ

ሌላ ጠፋ። አሁን የመምህር የራሱ ሰንደል፣ ደግሞም በብስክሌት ከመጡት ልጆች የአንዷ ጫማ። ከማዶዎቹ ምንም አልጠፋም።

ለልጄ ነገርኳት። «ደጃፋቸው ላይ ምን አለና ይጠፋል?» አለችኝ። ለሁሉም ነገር መልስ አላት።

ማክሰኞ

ልብስ ማጠቢያው ጋ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። የዓመት ዓመት እንግዶቼ ናቸው።

«እረፍት ብለን መጥተን ጫማ ስንጠብቅ ልናድር ነው?»

«ድንኳን እንግዲህ ቁልፍ የለውም።»

«ለከርሞ ሌላ ቦታ ነው የምንፈልገው። እሷም አሁን የልጇን አፍ እያየች ነው የምትሠራው።»

እሷ የተባልኩት እኔ ነኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢሉም የኔ ዛሬ አልሆነልኝም። እነዚህ ከሄዱ ሜዳው ምን ይሆናል? ባለቤቱ ወራሽ ልጅ ነው፤ ሐይቁን እንኳ በፎቶ ነው የሚያውቀው። ሰው ቀነሰ ካሉት ይሸጠዋል። ሜዳው የልጄ እንዲሆንላት ነበር ሐሳቤ። እዚህ አብራኝ እንድትኖር። እሷ ግን የሚሆነውን ሁሉ ለሌላ ሰው ስታደርግ ነው የማየው።

ቅዳሜ ከሰዓት

ሥራዬን አቋርጬ ነው የምጽፈው።

የባሌን ቦት አየሁት። የአውቶቡሱ ሹፌር እግር ላይ። ሹፌሩ የሻርፕ ለባሿ አሮጊት ልጅ ነው፣ ዝምተኛ ሰው። አፍንጫው ላይ ቀዩ ክር። በዓለም ላይ እንደዚያ የተሰፋ ሌላ ጫማ የለም፤ ሲሰፋው መብራት የያዝኩለት እኔ ነኝ። ልጄ የአባቷን ጫማ ለማዶ አትሰጥም፤ ከማዳበሪያው ውስጥ ሰርቆት ነው።

ሻምበል ደግሞ እግር እግሩን ሲከተል ዋለ። ቁጭ ሲል ጫማው ላይ አገጩን አድርጎ ይተኛል፣ ሲነሳ ይነሳል። እኔን እንደዚያ ተከትሎኝ አያውቅም። ሥጋ ሳያስለምደው አይቀርም። ለዚህ ነበር የማይጮኸው።

ልጠይቀው አልኩና ተውኩት። ሌባ ተጠይቆ አምኖ ያውቃል? ልጄም ሐይቅ ላይ ናት፣ ልጆቻቸውን ታቀዝፋለች።

ለባለቤቱ ደወልኩ።

እሑድ

ባለቤቱ ጠዋት ለማኅበሩ ደውሎ ጨርሶታል። ከዛሬ በኋላ አይመጡም። «እርስዎ ካሉ ካሉ ነው፤ ሜዳውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት» ነው ያለኝ። ይህን ያህል በፍጥነት ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ግን ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ያየሁትን።

ድንኳኖቹን እነሱው ነቀሉ። እያንዳንዱን አራግፈው፣ አድርቀው፣ ካስማውን ጠርገው ጠቀለሉ። ከልጄ በተሻለ ነው የጠቀለሉት። ልጆቹ ለምን ከጊዜው ቀድመው እንደሚሄዱ ይጠይቃሉ፣ የሚመልስላቸው የለም። አንዷ ትንሽ ልጅ ላይፍ ጃኬቷን አላወልቅም ብላ አውቶቡስ ውስጥ ገባች። ልጄ ናት ገብታ ያወለቀችላት።

መምህር እጄን ጨበጠኝ። ደስ አላለኝም።

ሰኞ

ልጄ ሻንጣዋን እየሸከፈች ነበር የነገረችኝ። ድምጿን ከፍ እንኳ አላደረገችም።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ እማዬ።»

«ምኑን?»

«ቦቱን። ለሚያስፈልገው ስጪ አላልሽኝም? ሰውየው ዝናብ በሚያስገባ ጫማ ሲነዳ አየሁት፣ ሰጠሁት። አትንገሪኝ ስላልሽ አልነገርኩሽም።»

መቀመጫ ፈለግኩ።

«አንድ ቃል ብትጠይቂው ኖሮ» አለችኝ።

«እሺ፣ ቦቱስ ይሁን። ሌሎቹ ጫማዎችስ? እነሱንም አንቺ ነሽ የሰጠሽው?»

እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም። ዓይኗን እንባ ሞላውና ዋጠችው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ስትዪ አሳደግሽኝ» አለች። «እስኪ ዙሪያሽን እዪ፤ ማን ቀረልሽ?»

ከተማ ጓደኛዋ ጋ ሄደች። መቼ እንደምትመለስ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጥያቄው ግን አሁንም ጥያቄ ነው። ሌሎቹ ጫማዎች የት ገቡ?

ረቡዕ

ከቢሮው ደጃፍ አንድ ፌስታል አገኘሁ። ቦቱ ነው። ታጥቧል፣ ቀለም ተቀብቷል፣ ማሰሪያው አዲስ ተደርጎለታል። ወረቀት የለውም። ሹፌሩ ማለዳ መጥቶ አስቀምጦ ሄዷል፤ በብስክሌት የመጡት ልጆች አይተውታል።

ቤት ላስገባው አቃተኝ። ደረጃው ላይ አስቀመጥኩት።

ሐሙስ

የግራው የለም።

የመጀመሪያ ሐሳቤን እጽፈዋለሁ፣ ደብተሩ የኔ ነው። ሰውየው ተናዶ ተመልሶ አንዱን ወሰደብኝ አልኩ። እልህ ነው አልኩ። እስከ በሩ ድረስ ሄጄ የጎማ ምልክት ፈለግኩ። ዝናብ ጥሎ ስላደረ መሬቱ ጭቃ ነበር። ጎማ የለም። የሰው ዱካ የለም። ያለው የሻምበል ዱካ ብቻ ነው፤ ከደረጃው ወደ ቤቱ ስር።

ሐሙስ ማታ

ሆዴ መሬት ነክቶ በደረቴ እየተሳብኩ ነው ቤቱ ስር የገባሁት። ባትሪውን ሳበራ ሻምበል ጥግ ላይ፣ በትክክል ከባሌ አልጋ ስር፣ ተኝቶ ነበር። አልሸሸም። ጅራቱን መሬቱ ላይ መታ መታ አደረገ።

ሁሉም እዚያ ናቸው። የመምህር ሰንደል፣ የሚስቱ ስኒከር፣ የልጅቷ ጫማ፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው፣ ማንም ያልጠየቀኝ የሕፃን ጫማ። አላኘካቸውም። ክብ አድርጎ ደርድሯቸው መሐል ተኝቷል። ቦቱ አገጩ ስር ነው።

ከሁሉም በታች፣ አፈር ውስጥ የተጫነ፣ ነጠላ ጫማዬ ነበር። የግራው። ማዶዎቹ ከመምጣታቸው በፊት የጠፋው።

እዚያው በደረቴ ተኝቼ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። የመጣው ሐሳብ መጣ፤ ማንም አላየም፣ ሐይቁም ጥልቅ ነው። ሰው ሁሉ እንደኔ ይጠረጥር ነበር፣ ይሄ እውነት ነው። ውሻ ጌታውን አጥቶ ጫማ ይሰበስባል ብሎ ማን ይገምታል? ጫማዎቹን ሳወጣበት ሻምበል አለቀሰ። ለውሻ እንዲህ አይባልም፣ ግን አለቀሰ። እኔም።

ቅዳሜ

ለመምህር ሰንደሉን ሰጠሁት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው። «ውሻው ነው አልሽኝ?» አለ። «እንግዲህ ሆድ ይፍጀው እትዬ። የሆነው ሆኗል። ሰዎቹስ ቢሆኑ እዚህ መቼ ተመቻቸው?»

«መታጠቢያ ቤት ጀርባ ማንን ይመቸዋል?» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ።

ባለቤቱ ጋ ደወልኩ። «እርስዎ ካሉ ይምጡ» አለኝ፣ አይምጡ ባለበት በዚያው ድምፅ። ለልጄም ደወልኩላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። «ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? የሰዎቹን ቤት ልንገርሽ» አለችኝ።

እሑድ

ሐዲዱን ተሻግሬ አላውቅም ነበር። ከሜዳው እዚያ ለመድረስ እኮ ይህን ያህል ሩቅ አይደለም።

ፎቅ ነው። ረጅም ኮሪደር፣ ግራና ቀኝ በር። የማንም ደጃፍ ላይ ጫማ የለም። ቦቱን በፌስታል ይዤ ነበር። መንገድ ላይ የማላውቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ምን ልታደርግ መጣች የሚል ዓይን ነው። በሰው ዓይን ስር መራመድ ይከብዳል። እነሱ ሜዳዬ ላይ ስንት ቅዳሜ እንደዚህ ተራመዱ?

አሮጊቷ ራሳቸው ከፈቱልኝ። ሻርፑን አልለበሱም። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ውሻው ነው፣ እማማ።»

«ምኑ?»

«ጫማዎቹን ሲወስድ የነበረው። የባሌ ውሻ። ቤቴ ስር አገኘኋቸው።»

ሹፌሩ ልጃቸው ከውስጥ ብቅ አለና እኔን ሲያይ ተመለሰ።

«ምስኪን» አሉ አሮጊቷ፣ ስለ ውሻው መሆኑ ነው። «ልጄን ሲከተለው አይቼዋለሁ። እሱስ ጌታውን ናፍቆ ነው። አንቺስ?»

ፌስታሉን ዘረጋሁላቸው፤ አልተቀበሉኝም። «እሱን ራሱን ጠይቂው» አሉኝ። ባለቤቱ እንደፈቀደ፣ ትልቁ ዛፍ አጠገብ ያለውን ቦታ እንዳዘጋጀሁ፣ ልጆቹ ሐይቁን ለመሻገር ገና ሁለት ቅዳሜ እንዳላቸው፣ ልጄ ጀልባዎቹን ልታወጣ እንደምትመለስ፣ ሁሉን ባንድ ትንፋሽ ለፈለፍኩት። የመጨረሻውን ልጄ አላለችኝም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።

«ልጆቹን እንጠይቃለን» አሉ። «አሁን ግቢ፣ በር ላይ አትቁሚ።»

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩና እንደ ልማዴ ደጃፉ ላይ ገጠም አድርጌ አስቀመጥኩት። አሮጊቷ ወደ ታች አዩ፣ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አዩ።

«እዚህ አይደርም ልጄ። ይዘሽው ግቢ» አሉኝ። «ኋላ ቢጠፋ እኛ ነን።»

አልሳቁም። እኔም መሳቅ ይኑርብኝ አይኑርብኝ አላወቅኩም። ጫማዬን አንስቼ ገባሁ። ወንበር ሰጡኝ፣ ሻይ ቀዱልኝ፣ ልጃቸውም መጥቶ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሻዩን በአንድ እጄ ጠጥቼ እስክጨርስ ጫማዬን ጭኔ ላይ ይዤ ነበር። የት እንደማስቀምጠው ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።